ጡንቻዎን ያምዎታል?

ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናውን ይስጥሽ፣ ከሥራሽ በሰላም ግቢ። ስለ እኛ «ደህና ነን» ብዬ ለመጀመር እስክሪብቶ አንስቼ እጄ እምቢ አለኝ። ወንድሜ ቀጮ ከሞተ ወዲህ ይቺን ቃል ቤታችን ውስጥ የሚላት ሰው የለም። ተነስተን እንውላለን፣ እንበላለን፣ እኔም ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ለጊዜው በዚህ ተቀበዪን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ ከመጋረጃው ወዲህ አልጋዎቹ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የአባዬ የስፌት መኪና። አንቺ ስትደውዪ አባዬ መኪናውን ያቆምና ክር የሚያሾልክ መስሎ ጆሮውን ይሰጠናል። እኔ ደግሞ የምጽፍልሽ እሱ መስማት የሌለበትን ነገር ነው። መልስሽን በትምህርት ቤቱ አድራሻ ላኪልኝ። ጸሐፊዋ ጎረቤታችን ስለሆነች በእጄ ትሰጠኛለች።

በለቅሶው ሰሞን በስልክ የነገሩሽ «ልቡ ቆመ» ብለው ብቻ ነው። የሆነው እንዲህ ነው። ወንድሜ ያን ዕለት ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሲሚንቶ እስኪመጣ ልረፍ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጓደኞቹ እንቅልፍ የወሰደው መስሏቸው «ቀጮ፣ ህልሙን ጨርስና ና» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ታውቂያለሽ።

ከቀብሩ በኋላ ሐኪም ቤት ጠሩንና ደም ውስጥ የሚከማቸው ኮሌስትሮል በእኛ ቤተሰብ በዘር የሚወርድ ይመስላል፣ ቀጭንና ወፍራም አይመርጥም አሉን። እማዬ ነፃ ናት። አባዬ ግን አለበት። ሐኪሟ ቀጮ ደሙ ተመርምሮ ጀምሮት የነበረውን ያንኑ ኮሌስትሮል የሚያወርድ ክኒን አዘዘችለት።

ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ አባዬ ሌላ ሰው ሆኗል። ከመኪናው ሲነሳ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ነው። መርገጫውን ይረግጥ ይረግጥና አቁሞ ባቱን ጨምቆ ይይዛል። ሳየው ደግሞ ሜትሩ የወደቀበት መስሎ ወለሉን ይዳብሳል። ብጠይቀው «የወንበሩ ነው» አለኝ። ወንበሩን ቀየርንለት። ያኔ «የጫማው ነው» አለ።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ ካገኘሽ ላኪለት፣ ቁጥሩ አርባ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ሐኪሟ የአባዬ እህትና ወንድም ካሉ መመርመር አለባቸው ብላለች። ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ተመርመሪና ጻፊልኝ።

የወንድምሽ ልጅ፣
ጩጬ


ኅዳር 6 ቀን

ለልጄ ለጩጬ፣

እንደምን ከርመሃል የኔ ጌታ? አንተን ያሳድግልኝ፣ እናትህን ያጽናልኝ፣ ወንድምጋሼን ከነመኪናቸው ያቆይልኝ። ጩጬ ማለቴን ልተወው ይሆን? ባለፈው ስልክ ስታነሳ ድምፅህ ጎርንኖ ወንድምጋሼ መስለውኝ «እንደምን ዋሉ» ብዬሃለሁ። አንተም ሳታርመኝ «ደህና ዋልሽ» ብለህ ተቀበልከኝ።

ለቀብሩ ለምን እንዳልመጣሁ ማንም አልጠየቀኝም። ባለመጠየቃችሁ የባሰ አዝኛለሁ። የምሠራው ከሆቴሉ በታች፣ መስኮት በሌለው ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። አንሶላው ከማድረቂያው ሲወጣ እሳት ነው፤ ለሁለት ጫፍና ጫፉን ይዘን እናጥፈዋለን። ስለ ቀጮ ሲደወልልኝ አንዱን ጫፍ ይዤ ነበር። ባልደረባዬ ምን እንደሰማሁ አታውቅም፤ የራሷን ጫፍ ይዛ ጠበቀችኝ። አጥፌ ጨረስኩት። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃድ ስጠይቅ አለቃችን «የሞተብሽ ምንሽ ነው?» አለኝ። የወንድሜ ልጅ ነው አልኩት። ለወንድም ልጅ ፈቃድ የለም አለኝ። እኔ ያዘልኩት ልጅ ነው ልለው ፈልጌ ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ ማዘል እንዴት እንደሚባል አላውቅም።

ጫማውን ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። ወንድምጋሼ ሕመማቸውን የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ልጆች ሳለን መርፌ ቀኝ ጣታቸው ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ነበር። እናታችን ያወቀችው እንግዳ መጥቶ በግራ እጃቸው ሰላም ሲሉት ነው። ስድ ሆነ ብላ ልትመታቸው ስትል እንግዳው ያበጠውን እጅ አይቶ አዳናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሃቸው ግባ። ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ እሳቸው ይመልሳሉ፣ አንተ ታዳምጣለህ። ሐኪም ፊት እንደ እኛ ፊት አይቀልዱም መቼም።

የምትወድህ አክስትህ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጫማው ደርሷል። አባዬ አደረገውና ከመኪናው እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ። «ደመና ላይ የቆምኩ ይመስለኛል» አለ። ከዚያ ተቀመጠና ጠረጴዛውን ይዞ ተነሳ።

እንዳልሽኝ አብሬው ገባሁ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛም ትመስላለች። «ክኒኑን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ?» አለችው።

«አንድም ቀን አላቋረጥኩም።»

«ጡንቻዎን ያምዎታል?»

አባዬ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበና ክንዱን አጠፈላት። «ልብስ ሰፊ ምን ጡንቻ አለው የኔ ልጅ? እስቲ ዳብሺው፣ ጥጥ ነው።»

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። «ስለዚህ ሕመም የለም» አለችው። «የለም» አላት። ጻፈች። የደሙ ውጤት የሚፈለገውን ያህል ስላልወረደ የክኒኑን መጠን ከፍ አደረገችለትና ወጣን።

የገባኝ መንገድ ላይ ነው። እኛ ቤት ጡንቻ ማለት ይሄ ክንድ ላይ የሚያብጠው ነው፤ ቀጮ መስታወት ፊት ቆሞ «ጩጬ፣ ና እስቲ ተመልከት» የሚለው። ባት ባት ነው፣ ታፋም ታፋ ነው። ጡንቻ ብሎ የሚጠራቸው የለም። እሷ ስለ እግሩ ጠይቃው እሱ ስለ ክንዱ መለሰላት። ይኸው ነው የሆነው። በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት የሚያመው ክኒን ተጨመረለት።

እቤት ስንገባ የባዮሎጂ መጽሐፌን አውጥቼ ያንን ቆዳ የሌለውን ሰውዬ አሳየሁት። ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጡንቻ ነው። አባዬ መነጽሩን አድርጎ አየው አየውና «መጀመሪያ ይሄን ሰውዬ ልብስ አልብሰው፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለኝ። ተመልሰን እንንገራት ስለው «በሽተኛው አንተ ነህ እኔ?» ብሎ መርገጫውን ረገጠ።

መድኃኒት ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። ሰውየው አልሳቀም። የእግር ሕመም ካለ ለሐኪሟ መነገር አለበት አለኝ። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይዘኸው ሩጥ፣ ጡንቻው ፈርሶ ኩላሊቱን እየጎዳ ነው ማለት ነው አለኝ። አሁን አባዬ ሽንት ቤት በገባ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ «ቀለሙ ምንድነው?» እለዋለሁ። «ከየትኛው ጨርቅ ጋር እንዲሄድልህ ነው?» ይለኛል ከውስጥ።

አንቺስ? ስለ ምርመራው አልጻፍሽልኝም።

ጩጬ


የካቲት 1 ቀን

ለልጄ ለጩጬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ቤታችሁን ሰላም ያድርግላችሁ። መልሴ ዘገየብህ። ሆቴሉ እንግዳ ሞልቶብን ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ሆቴሉ ግን አልሞላም።

ለወንድምጋሼ ደውዬ «ጡንቻ እኮ እግርም ላይ አለ» አልኳቸው። «ከመቼ ወዲህ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ይሄ ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ወንድምጋሼ ሲቀልዱ ቀድመው የሚስቁት ራሳቸው ነበሩ። ቀልዱ ሳያልቅ እሳቸው ጨርሰው ይስቁና እኛ ምን እንዳሳቃቸው እንጠይቃለን።

የማሻሻ ቅባት ልኬላቸዋለሁ። እግራቸውን ካጠቡ በኋላ ይቀቡት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቀጮ ያንኑ ክኒን ጀምሮ ነበር ብለኸኛል። ታዲያ ክኒኑ እያለ እንዴት እንዲህ ሆነ? እሱንስ እግሩን ያመው ነበር? ማንም አልነገረኝም፤ እኔም እስከዛሬ ልጠይቅ አልደፈርኩም። መልሱን የምታውቅ ከሆነ ጻፍልኝ። መጻፍ ካልፈለግህም ይገባኛል።

ስለ እኔ አታስብ።

አክስትህ


የካቲት 20 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ። ሰላምታውን አሳጥሬ ወደ ነገሩ ስለምገባ ይቅር በዪኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የሒሳብ መምህራችን ሱሪ ሊለካ መጣ። አባዬ እግሩ ሥር ተንበርክኮ ጫፉን በጠመኔ ምልክት አደረገበት፣ ስፒል ሰካበት፣ ከዚያ መነሳት አቃተው። መምህሩ ያላለቀ መስሎት እንደ ሐውልት ቆሞ ይጠብቃል። አባዬ ከታች ሆኖ «እስቲ ዞር ይበሉልኝ» አለው። ዞረ። «አሁን ደግሞ ወደዚህ።» ዞረ። «አንድ ጊዜ ደግሞ።» ሰውየውን እንዲህ እያሽከረከረ ጉልበቱን ይፈልጋል። ከኋላው ሄጄ ብብቱ ሥር ገብቼ አነሳሁት። መምህሩ አይቶ እንዳላየ ሆነ፤ ሰኞ ክፍል ውስጥ ግን ጥያቄ ሳይጠይቀኝ አለፈኝ።

ሰውየው ሲወጣ ጮህኩ። አባዬ ላይ ጮኼ አላውቅም። «ባትህም ጡንቻ ነው፣ ታፋህም ጡንቻ ነው፣ ሐኪሟ የጠየቀችህ ይሄንን ነው፣ ቃሉ አልገባህም» አልኩት።

እማዬ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቀና ብላ አየችውና ተመልሳ አቀረቀረች። የማላውቀው ነገር እንዳለ ያኔ ጠረጠርኩ።

«ገብቶኛል» አለ አባዬ። «ያን ጊዜም ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን የለም አልካት?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ከመምህሩ ሱሪ የተረፈውን ስፒል አንድ በአንድ ስፒል መሰኪያው ላይ ሰካ። «ቀጮ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ አባዬ ታፋዬን ይቆረጥመኛል፣ ሴራሚክ ላይ መንበርከክ አቃተኝ ሲለኝ ምን አልኩት?»

እማዬ «ተው እንግዲህ» አለችው።

«ተወው አልኩት። አንተ ሸምበቆ፣ ምን ስብ አለህና ክኒን ትውጣለህ፣ ጣለው አልኩት። ሰማኝ። መቼም እምቢ ብሎኝ አያውቅም፣ ሰማኝና ተወው።» ድምፁ አልተለወጠም፤ የሱሪ ልክ የሚያነብ ይመስል ነበር። «አሁን እኔን ያንኑ ቦታ ሲያመኝ፣ ሄጄ አሳርፉኝ ልበል? አልልም። እሱን ያመመው ይመመኝ። እውጠዋለሁ።»

አክስቴ፣ እኔ ቃሉ ያልገባው መስሎኝ ነበር። የባዮሎጂ መጽሐፍ ይዤ ስከተለው ነበር። እሱ ለካ ክንዱን አጥፎ ያሳቀን እንዳንጠይቀው ነው። ስለ ቀጮ የጠየቅሽኝም መልሱ ይኸው ነው።

ዛሬም የሽንቱን ቀለም ጠየቅኩት። አልቀለደም፣ አልመለሰልኝምም። ወንድሜ ሞቶብኛል፤ አባቴ ደግሞ ቁጭ ብሎ፣ ልብስ እየሰፋ፣ ምንም ሳይናገር ሊሞትብኝ ነው። እማዬን ንገሪው ስላት «እኔንም አልሰማኝም» ብላ ታለቅሳለች። ከእንግዲህ ጫማም ቅባትም አትላኪ። የምለውን ነገር ላኪልኝ።

ጩጬ


መጋቢት 2 ቀን

ለልጄ፣

እግዚአብሔር ከናንተ ጋር ይሁን። ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ፣ ዛሬውኑ እጽፍልሃለሁ።

የምትለውን ላኪልኝ አልክ። ከየት አምጥቼ የኔ ልጅ? እኔም የምላቸው ቃል የለኝም። ወንድምጋሼ ቀጮን ክፉ አስበው አልመከሩትም። ልጁ አመመኝ አላቸው፤ አባት ናቸው፣ የሚያመውን ነገር ተው አሉት። ማን አባት ሌላ ይላል? ይህን ብነግራቸው የሚሰሙኝ አይመስለኝም። አንተ ግን እወቅልኝ።

ስለ ራሴ ልጻፍልህ። ተመርምሬያለሁ። እኔም አለብኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ እየሄድኩ ስመለስ ነበር። አንድ ቀን ወረፋ ይዤ ስሜ ሲጠራ ሌላ ሰው እንደተጠራ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ትናንት ገባሁ። ሐኪሙ ክኒኑን ከመስጠቱ በፊት እግርሽን ካመመሽ ዝም አትበዪ፣ መጠኑ ይቀነሳል ወይ ሌላ ዓይነት ይሰጥሻል አለኝ። ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው እንዲያው በቀላሉ ነው ያለኝ። ቀጮ መጣብኝና ወንበሩን ይዤ ቀረሁ። ሐኪሙ ያዞረኝ መስሎት ውኃ ሰጠኝ። ክኒኑ መቀየር እንደሚችል ወንድምጋሼ ሲሰሙ ምን እንደሚሆኑ ስለማላውቅ በስልክ አልነገርኳቸውም። ሐኪማቸው ትንገራቸው። ለመንገር ግን መጀመሪያ እሳቸው አመመኝ ማለት አለባቸው።

አንተስ? በደብዳቤ ሁሉ ተመርመሪ ትለኛለህ። ስለ አባትህ ጻፍክልኝ፣ ስለ እናትህ ጻፍክልኝ፣ ስለ እኔ ጠየቅከኝ። ስለ ራስህ ግን አንድ መስመር አልጻፍክም። እኔ በር ላይ ስመላለስ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ በር ላይ የሚመላለስ ሰው አውቃለሁ።

አክስትህ


ሚያዝያ 5 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ክኒኑም ይስማማሽ። እውነትሽን ነው። ፈተና አለብኝ፣ በባዶ ሆድ መሄድ አለብኝ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ነበር። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት ሄጄ ደም ሰጠሁ። ውጤቱን ለመስማት የገባሁት ከአባዬ ጋር በእሱ ቀጠሮ ቀን ነው።

እኔም አለብኝ።

ሐኪሟ ስትነግረኝ አባዬ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ልጅ ስለሆንኩ በትንሹ እንደምትጀምርልኝ፣ በጊዜ መገኘቱ ጥሩ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ «ጡንቻህን፣ ማለቴ እግርህን፣ ባትህን፣ ጭንህን ካመመህ ወዲያው መጥተህ ትነግረኛለህ» አለችኝ።

«እኛ ቤት አይነገርም» አልኳት።

አስቤበት አይደለም። ወጣ በቃ። እሷ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ አባዬን አየችው። አባዬም ቀና አለ።

«አንተ ትነግራታለህ» አለኝ።

«አንተ ካልነገርክ እኔም አልነግራትም።»

«አታብድ።»

«ክንዴን አጥፌ አሳያታለሁ» አልኩት።

ተናደደብኝ። ያቺ ጆሮው ሥር ያለችው የደም ሥር ስትቆም አየኋት። ሐኪሟ ውጪ ሰው ወረፋ እየጠበቀ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። አባዬ ጎንበስ አለና የሱሪውን ጫፍ ይዞ እስከ ጉልበቱ ሰበሰበው። እጁን ባቱ ላይ አደረገ።

«እዚህ ጋ» አላት። «ታፋዬንም። ነገር ሳልይዝ አልነሳም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጀመርኩት ጀምሮ።»

አልተቆጣችውም። ደም እንደገና እንዲሰጥ፣ ክኒኑን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ለጊዜው እንዲያቆም አዘዘችው። «እግርዎ ሲያገግም በትንሽ መጠን ሌላ ዓይነት እንሞክራለን። ይቀየራል፣ አይጨነቁ» አለችው።

«ይቀየራል?» አላት።

«አዎ። ብዙ ጊዜ እንቀይራለን።»

«ያኔም ይቀየር ነበር?»

ስለማን እንደጠየቃት ገባት። ቀጮን እሷ ነበረች የምታክመው። «መጥቶ ቢነግረኝ ኖሮ» አለችው፣ «ይቀየር ነበር።»

አባዬ የሱሪውን ጫፍ ወደ ታች አወረደው። ስፌቱን በጣቱ እየጎተተ እንደ ደንበኛ ሱሪ አስተካክሎ አወረደውና «አመሰግናለሁ» ብሏት ወጣ።

ደጅ ስንደርስ አጥሩ ላይ ተቀመጠ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። «ይቀየር ነበር» አለኝ። «ሰምቻለሁ አባዬ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ይቀየር ነበር» አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ቀን መኪናው ላይ አልተቀመጠም።

የደሙ ውጤት መጥቷል። ጡንቻው ተጎድቷል፤ ኩላሊቱ ግን ደህና ነው። ብትዘገዩ ኖሮ ብለዋል፤ የቀረውን አልጨረሱልንም።

ጩጬ


ግንቦት 11 ቀን

ለልጄ ለጩጬ፣

ተመስገን፣ ተመስገን። እናንተን ያተረፈልኝ ስሙ ይክበር።

ወንድምጋሼ ደወሉልኝ። እኔ ነኝ ሁልጊዜ የምደውለው፤ ስልኩ ላይ ስማቸውን ሳየው አንድ ነገር ሆናችሁ ብዬ አንሶላውን ጥዬ አነሳሁት። «አንቺን እግርሽን ያምሻል?» አሉኝ። ትንሽ ይቆረጥመኛል አልኳቸው። «ነገርሻቸው?» ነገርኳቸው፣ ቀነሱልኝ አልኳቸው። «እሰይ» አሉ። ስልኩን አልዘጉትም፣ እኔም አልዘጋሁትም። ከበስተኋላቸው እናትህ ስታጥብ ይሰማኛል። እንደዚያ ሆነን ቆይተን «በይ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ።

አንተስ? ክኒኑ እንዴት ያዘህ? እውነቱን ጻፍልኝ፤ የአባትህን መልስ አትስጠኝ።

አክስትህ


ሰኔ 4 ቀን

ለምወድሽ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ፣ እጅሽም እግርሽም ይበርታልሽ።

አባዬ አዲሱን ክኒን ከጀመረ ሰንብቷል። ጠረጴዛውን ሳይዝ ይነሳል፤ አንዳንድ ቀን ብቻ ባቱን ያሻል። አሁን ደግሞ የሚያመውን ለማይጠይቀው ሰው ሁሉ ይናገራል። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሰው «ዛሬ ግራውን ትንሽ ይዞኛል» ይለዋል። እማዬ «ሱሪውን ታሳጥርለታለህ ወይስ ሪፖርት ታቀርብለታለህ?» ትለዋለች። አይስቅም። እኛ ቤት ስለ ሕመም መናገር ሲጀመር ሳቅ ቀረ። ወደ ገበያ ስንሄድም በአቋራጩ መንገድ አይሄድም፤ ቀጮ ይሠራበት የነበረው ፎቅ እዚያ አለ፣ አሁን ሰው ገብቶበታል።

እውነቱን ጻፍ ብለሽኛል። እኔን አያመኝም።

ሐኪሟ ጥሩ ነው ትላለች፣ ደሜም እየወረደ ነው። እኔ ግን እየጠበቅኩት ነበር። ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የምዳብሰው ባቴን ነው። ቀጮ አመመኝ ሲል ምን ዓይነት ሕመም እንደነበር አላውቅም፤ ያን ጊዜ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ የቤት ሥራ እየሠራሁ አመመኝ ማለቱን ብቻ ሰምቻለሁ፣ አባዬ የመለሰለትን አልሰማሁም፣ እንዴት ያለ ነው ብዬም አልጠየቅኩትም። ክኒኑን ስጀምር ሲመጣብኝ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ይሄ ነበር ለካ እለዋለሁ ብዬ ነበር። ደረጃ ሮጬ ወጣሁ፣ ኳስ ተጫወትኩ፣ ምንም የለም።

ትናንት ሁሉም ሲወጣ ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ቀረሁ። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ሰው አለመኖሩን አይቼ ተንበረከክኩ። ቆየሁ። ሴራሚኩ ይቀዘቅዛል፣ ጉልበት ያደነዝዛል፤ ሌላ ነገር የለውም። ዘበኛው በር ሊዘጋ ሲመጣ አገኘኝ።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

አብሮኝ ጎንበስ ብሎ ወለሉን መፈለግ ጀመረ። የምፈልገውን ልነግረው አልቻልኩም። ቀና እስኪል ጠበቅኩትና ተነሳሁ፤ ምንም ሳልይዝ፣ ምንም ሳያመኝ ተነሳሁ።

የሚናፍቅሽ የወንድምሽ ልጅ